ጉድለቱን ማን ከፈለው?

ከጅቡቲ ከተማ ወደ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ሰው አሳል ሐይቅ ይደርሳል። ቦታው ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ነው፤ በአፍሪካ ምድር ከዚህ የሚወርድ የለም። ከጉቤት፣ ማለትም ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ፣ የባሕር ውሃ በተሰነጣጠቀው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየሾለከ ይገባበታል፤ መውጫ ግን የለውም። ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨዉ ይቀራል። እንዲህ ሲጠራቀም ኖሮ ሐይቁ ከተራው ባሕር አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ሆኗል። አፋሮች ይህን ጨው በግመል ጭነው ወደ ደጋ ሲያወጡ ኖረዋል። ግጥሙን ትቶ ጠመንጃ ነጋዴ የሆነው አርተር ራምቦም በ1886 መገባደጃ (ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ለምኒልክ መሣሪያ ጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ ሲነሳ መንገዱ በአሳል በኩል ነበር።

ዛሬ ሐይቁ ዳር ተድበልብለው የረጉ የጨው ድቡልቡሎች ለጎብኚ ይሸጣሉ። ከነዚያ አንዱን ሰባብሮ 58 ግራም ተኩል ያህል መዳፉ ላይ ያኖረ ሰው ኬሚስቶች አንድ ሞል የሚሉትን የጨው መጠን ይዟል። ስለዚህች እፍኝ በትምህርት ቤት የተነገረን ታሪክ ግማሹ እውነት አይደለም። ያ ግማሽ ደግሞ ከኬሚስትሪ ክፍል ወጥቶ ስለ ራሳችን በምናስበው ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ይመስለኛል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሶዲየም 11 ኤሌክትሮኖች አሉት። ኤሌክትሮን በአቶም ውስጥ እንዳሻው አይቀመጥም፤ ሼል የሚባሉ የጉልበት ደረጃዎች አሉ፤ በሼሎቹ ውስጥም ኤስ፣ ፒ፣ ዲ፣ ኤፍ የተባሉ ንዑስ ሼሎች። ኤስ 2፣ ፒ 6፣ ዲ 10፣ ኤፍ 14 ኤሌክትሮን ይይዛሉ፣ ከዚያ አያልፉም። የገደቡ ምክንያት ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1925 ያስቀመጠው ሕግ ነው፦ በአንድ አቶም ውስጥ ሁለት ኤሌክትሮኖች በሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ሁኔታ ሊኖራቸው አይችልም። ስለዚህ ከሶዲየም ኤሌክትሮኖች አሥሩ 1ኤስን፣ 2ኤስንና 2ፒን ይሞላሉ፤ አሥራ አንደኛው ብቻውን 3ኤስ ላይ ይቀራል። ክሎሪን 17 አለው፤ ስድስት የሚይዘው 3ፒ አምስት ብቻ ስለደረሰው አንድ ይጎድለዋል። እናም መምህሩ ሰሌዳው ፊት ቆሞ፣ ሶዲየም ትርፉን መስጠት ይፈልጋል፣ ክሎሪን የጎደለውን መሙላት ይፈልጋል ይላል። አንዱ ሰጠ፣ ሌላው ወሰደ፤ ሶዲየም እንደ ኒዮን፣ ክሎሪን እንደ አርጎን ሙሉ ሆነ፤ ሁለቱም ረጉ። የጅቡቲ ተማሪ ይህን በፈረንሳይኛ ይማራል፣ የድሬዳዋው ደግሞ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ፤ ታሪኩ ግን ድንበር ሲሻገር አይለወጥም።

ሒሳቡ ሌላ ይናገራል። ከአንድ ሞል የሶዲየም አቶሞች አንዳንድ ኤሌክትሮን ለማውጣት 496 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ሶዲየም አይሰጥም፤ ይነጠቃል። ክሎሪን ያንን ኤሌክትሮን ሲቀበል የሚለቀው 349 ብቻ ነው። 147 ኪሎጁል ጎደለ። ሁለቱም ሙሉ ሆነዋል፣ ሁለቱም የዝምተኞቹን ጋዞች፣ የኒዮንንና የአርጎንን፣ አቀማመጥ ለብሰዋል፤ ተራርቀው ቢቆሙ ግን ጎዶሎ ሳሉ ከነበሩበት የባሰ ዕዳ ላይ ናቸው። ሶዲየሙን ከብረትነቱ ወደ ነጠላ አቶሞች ለመበተን 107፣ ተጣምሮ የሚኖረውን ክሎሪን ለመፍታት 121 ሲጨመርበት ዕዳው 375 ይደርሳል። ማክስ ቦርንና ፍሪትዝ ሃበር በ1919 ይህን የመሰለ መዝገብ መስመር በመስመር የሚሠራበትን መንገድ ሲያወጡ ከፋዩ ማን እንደሆነ ታየ። ክሪስታሉ ነው። እያንዳንዱ የሶዲየም አዮን (ኤሌክትሮኑን ያጣው አቶም) በስድስት ክሎራይድ (ኤሌክትሮን በተቀበለ ክሎሪን)፣ እያንዳንዱ ክሎራይድ በስድስት ሶዲየም ይከበባል፤ ከነዚያ ኋላ ሌላ ዙር፣ ከዚያም ኋላ ሌላ። የመሳሳቡና የመገፋፋቱ ሁሉ ድምር 787 ኪሎጁል ያስገባል። ዕዳው ተከፍሎ ከ410 በላይ ይተርፋል። ጨውን ያጸናው ይህ ትርፍ ነው።

ለአቶም ፍላጎት መስጠት ለማስተማር ይመቻል፤ ልጁን በአንድ ክፍለ ጊዜ ከንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ወደ ቀመሩ ያደርሰዋል። ጉዳቱ መጨረሻውን መነሻ ማድረጉ ላይ ነው። ሙሉው ሼል ከሩቅ የሚጣራ ግብ ይሆናል፣ ጎዶሎው አቶም ወደዚያ የሚገሰግስ መንገደኛ። አርስቶትል ድንጋይ የሚወድቀው የተፈጥሮ ስፍራውን ሽቶ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ከድንጋዩ ላይ ይህን ምኞት ካነሳንለት በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አለፉ፤ ከሶዲየም ላይ ግን ገና አላነሳንም። ሙሉ ሼል በእርግጥ ሥራ አለው። ከሶዲየም ሁለተኛ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ ቢሞከር ዋጋው ከ496 ወደ 4,562 ይዘላል፤ ያኛው የሚወጣው ወደ ኒውክለሱ ቀርቦ ከተቀመጠው ከሞላው 2ፒ ነውና። ይህን የሚከፍል ክሪስታል አልተገኘም። እንግዲህ ሙሉው ሼል ሶዲየምን ወደ ራሱ አልጎተተውም፤ ከዚያ አልፎ እንዳይሄድ አስቆመው። አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲህ የሚሆነውን የሚወስነው ግን ከጎን ያለው ማን እንደሆነ ነው።

አቀማመጥ ብቻውን ምን ያህል ትንሽ እንደሚናገር ለማየት አሥር ኤሌክትሮን ያላቸውን መደርደር ይበቃል። ፍሎራይድ፣ ኒዮን፣ የሶዲየም አዮን፣ የማግኒዥየም አዮን፣ የአሉሚኒየም አዮን፤ በአምስቱም 1ኤስ፣ 2ኤስና 2ፒ ሞልተዋል። የኤሌክትሮን ውቅራቸው በወረቀት ላይ ሲጻፍ አንዱ ከሌላው አይለይም። ሆኖም ኒዮን በጅቡቲ አየር ውስጥ ማንንም ሳይነካ የሚያልፍ ጋዝ ነው፤ የሶዲየም አዮን ግን በወደብ ሠራተኛው ላብ ውስጥ አለ፣ ነርቭ መልእክት የሚያደርሰውም በእሱ መግባትና መውጣት ነው። የሚለያቸው መሃል ላይ ያለው የፕሮቶን ቁጥር ነው፤ ከ9 እስከ 13። ሂሊየምና ቤሪሊየምም የውጭ ኤሳቸው ሙሉ ነው፤ አንዱ ከጋዞች ሁሉ ዝምተኛው ሲሆን ሌላው ብረታ ብረት ነው። ፈረንሳዊው ሻርል ዣኔ በ1920ዎቹ መጨረሻ ሂሊየምን ከቤሪሊየም በላይ ያስቀመጠ ሠንጠረዥ ሠራ፤ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ።

ጅቡቲ ስለ መረጋጋት ለማሰብ የምትመች ከተማ ናት። ዲፕሎማትም ይሁን ጋዜጠኛ ወይም ጭነት አስተላላፊ ስለ አገሪቱ ሲናገር አስቀድሞ የሚላት፣ በሚናወጥ ቀጠና መሃል የተረጋጋች መሆኗን ነው። አባባሉ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተነሳውን የእርስ በርስ ጦርነት ይዘልላል፤ በጥቅሉ ግን ሐሰት አይደለም። የሚያጠያይቀኝ ምክንያቱ ነው። በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ የኢትዮጵያ ጭነት ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከ2011 ጀምሮ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በከፍተኛ ኃይል መስመር ወደ ከተማዋ ይገባል። በ2017 ደግሞ ከሶማሌ ክልል ከሐዳጋላ የተቀዳ የከርሰ ምድር ውሃ በቧንቧ ድንበር ተሻገረ። ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ከ2017 ወዲህም ቻይና በዚያች ጠባብ ምድር ላይ የጦር ሰፈር አላቸው፤ ኪራይ ይከፍላሉ። ሰው ይህን ሁሉ አስቦ ከተማዋ የረጋችው በውስጧ ሙሉ ስለሆነች ነው ሊል ይችላል? የጉድለቷ መዝገብ ረጅም ነው፤ የከፋዮቿም እንዲሁ። ከዚህ በላይ ግን ምሳሌውን መግፋት አልፈልግም። አገርን አቶም የሚያደርግ ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ አንድ ፖለቲካ በኪሱ ይዟል። ሰው ይቆጣል፣ ይሰደዳል፣ ስለ ኪራዩ ይደራደራል። ክሎራይድ ውል አያድስም።

ወደ ንዑስ ሼሎቹ እንመለስ፤ ከሙሉነት ይልቅ የሚገርመኝ ግማሽነት ነውና። ናይትሮጅን 2ፒ ላይ ሦስት ኤሌክትሮኖች አሉት፣ ኦክስጅን አራት። ኦክስጅን አንድ ፕሮቶን ስለሚበልጥ ኤሌክትሮኖቹን ይበልጥ አጥብቆ መያዝ ነበረበት። ሲለካ ግን ከናይትሮጅን አንድ ኤሌክትሮን ለማውጣት 1,402 ኪሎጁል፣ ከኦክስጅን 1,314 ሆኖ ተገኘ። ኦርቢታል የሚባሉት ሦስቱ የ2ፒ ክፍሎች አንድ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ሲይዙ፣ ማለትም 2ፒ ልክ ግማሽ ሲሞላ፣ ነገሩ ይጠነክራል። መምህራን እዚህ ላይ የፍሪድሪሽ ሁንድን ደንብ ለማስረዳት ተሳፋሪዎችን ይጠራሉ። ከነጋድ ጣቢያ ወደ ድሬዳዋ በሚነሳው ባቡር ባዶ ወንበር እያለ ከማያውቀው ሰው ጎን የሚቀመጥ የለም፤ መጀመሪያ ሁሉም ለየብቻው መስኮት ይይዛል፣ ጥንድ መሆን የሚጀመረው ቦታ ሲጠብ ነው። ኤሌክትሮኖችም እንዲሁ ናቸው ይባላል።

ምሳሌው የሚሰበርበት ቦታ ከሚሠራበት ይልቅ ትልቅ ነገር ያሳያል። ተሳፋሪዎቹ ይለያያሉ። አንዱ የአይሻ ነጋዴ፣ ሌላዋ ዘመድ ጥየቃ የምትሄድ እናት ናት፤ ወንበር ቢለዋወጡ አንድ ነገር ተለውጧል። ሁለት ኤሌክትሮኖች ቦታ ቢለዋወጡ ግን በዓለም ላይ የተለወጠ ምንም የለም፤ ለውጡን ከሁሉን ቻይ በቀር የሚያውቅ የለም ልል ነበር፤ እሱም ቢሆን የሚያውቀው ልዩነት ስለመኖሩ እርግጠኛ አይደለሁም። የኳንተም ሒሳብ ይህን አለመለየት እንደ ተራ ነገር አያልፈውም፤ ውጤት ያወጣበታል። ሽክርክሪት (ስፒን) የሚባለው ባሕርያቸው አንድ አቅጣጫ የያዘ ኤሌክትሮኖች አንዱ ካለበት ሌላው የመገኘቱ ዕድል ይመነምናል፤ እየተራራቁ ይኖራሉ፣ አንዱ ሌላውን ከኒውክለሱ የሚጋርደውም ይቀንሳል፣ ኒውክለሱም ይበልጥ ያቀርባቸዋል። የዚህ ትርፍ መጠን በጥንዶች ቁጥር ይሰላል። በዲ ውስጥ አንድ አቅጣጫ የያዙ አራት ኤሌክትሮኖች 6 ጥንድ ይሆናሉ፤ አምስት ሲሆኑ 10። አምስተኛው ሲመጣ የሚገኘው ጭማሪ ከዚያ በፊት ከነበሩት ሁሉ ይበልጣል፤ ስድስተኛው ግን ተገልብጦ መግባት ስላለበት ከአምስቱ ጋር ይህን ጥንድ አይሠራም። የግማሽ ሙላት ጥንካሬ የሚባለው ከዚህ ነው የሚመጣው። እኛ ጽኑ ሰው የምንለው ማንነቱን አጥብቆ የያዘውን ነው። እዚህ ግን ጽናቱ የተገኘው ማንም ማንንም ባለመሆኑ ነው፤ ስም ቢኖራቸው ኖሮ ትርፉ አይኖርም ነበር።

ከዚህ ተነስቶ ነው እንግዲህ የመማሪያ መጽሐፉ ስለ ክሮሚየም የሚያወራው። ክሮሚየም በተራው ቅደም ተከተል 3ዲ ላይ አራት፣ 4ኤስ ላይ ሁለት ሊኖረው ይገባ ነበር፤ ያለው ግን አምስትና አንድ ነው። መዳብም ዘጠኝና ሁለት ሲጠበቅበት አሥርና አንድ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያት፦ ግማሽ የሞላና ሙሉ የሆነ ንዑስ ሼል ይረጋጋል። ተማሪው ይጽፋል፣ ነጥቡን ያገኛል። በሠንጠረዡ ላይ ከክሮሚየም ሥር ያለው ሞሊብዲነም ደንቡን ያከብራል። ከሞሊብዲነም ሥር ያለው ተንግስተን ግን ያው ቤተሰብ ሆኖ፣ ያው የውጭ ኤሌክትሮን ቁጥር ኖሮት፣ 5ዲ ላይ አራት፣ 6ኤስ ላይ ሁለት አድርጎ ይቀመጣል። ከ74 ፕሮቶኖች አጠገብ ኤሌክትሮን የሚፈጥነው ፍጥነት የአንስታይንን የአንጻራዊነት ሕግ ስለሚያስጠራ 6ኤስ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ግማሽ ሙላት ይህን አይመልሰውም። ኒዮቢየም ደግሞ 4ዲ ላይ አራት፣ 5ኤስ ላይ አንድ አለው፤ ግማሽም ሙሉም ሳይሆን ከኤሱ አንድ ቀንሷል። ደንቡ ለሚታዘዙት ምክንያት ይሰጣል፣ ለማይታዘዙት ዝም ይላል። ካለቀ በኋላ የሚተነብይ ጠንቋይ በየመንደሩ አለ።

ንዑስ ሼሎቹ የሚሞሉበት ቅደም ተከተል ራሱ የማን ነው በሚለውም አንስማማም። በፈረንሳይኛ በሚሰጠው ኬሚስትሪ የሶቪየቱ የክሌችኮቭስኪ ደንብ ይባላል፣ በእንግሊዝኛው ደግሞ በ1936 ባሳተመው በጀርመናዊው በማዴሉንግ ይጠራል። ስዊድናዊው ፐር ኦሎቭ ሎቭዲን በ1969 ደንቡን ከመሠረታዊው የኳንተም ሕግ ተነስቶ ያረጋገጠ እንደሌለ አንስቶ ነበር። ሁለቱ ተማሪዎች በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚያጠኑት ቀስት ቀስት ያለው ሥዕል እንግዲህ ጥሩ የማስታወሻ ዘዴ ነው። ከዚያ በላይ ክብር የሰጡት መጻሕፍት ናቸው።

ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ኢሪክ ሴሪና ኦይገን ሽቫርትስ የተባሉት ምሁራን ደጋግመው ያነሱት ነው፦ ክሮሚየም አምስትና አንድ ነው ስንል የምንናገረው ብቻውን በባዶ ቦታ ስለሚንሳፈፍ፣ ብርሃኑ በመሣሪያ ስለተነበበ የክሮሚየም ጋዝ አቶም ነው። እንዲህ ያለ ክሮሚየም በጅቡቲ ከተማ ውስጥ የለም። ያለው በምግብ ቤቱ ማብሰያ፣ በሆስፒታሉ መቀስ፣ በመርከቡ መወጣጫ ውስጥ ነው።

እዚህ ከተማ ብረት ዕድሜው አጭር ነው። ከባሕሩ የሚነሳው ጨዋማ እርጥበት በብረቱ ላይ ስስ ውሃ ይዘረጋል፤ በውሃው ውስጥ የሟሟው ጨው ኤሌክትሪክ ያመላልሳል፤ ዝገቱ ይፈጥናል። የአዲስ አበባው የምድር ባቡር ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው በ1897 ነው፤ ጄ. ጄ. ቶምሰን ኤሌክትሮንን ያገኘበት ዓመት። ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። እንዲህ ያለውን ሐዲድ በሚበላው ዝገት ውስጥ ያለው ብረት ሦስት ኤሌክትሮን አጥቶ 3ዲ ላይ አምስት ይቀሩታል፤ ልክ ግማሽ። መጽሐፉ እዚህ ጭንቅላቱን በአዎንታ ይነቀንቃል። ከብረት ቀድሞ የተቀመጠው ማንጋኒዝ ግን ሁለት ብቻ አጥቶ ይህችኑ አምስት ይዞ መቆም ይችል ነበር፤ ዋናው ማዕድኑ ዳይኦክሳይዱ ሲሆን በዚያ ውስጥ አራት አጥቶ ሦስት ብቻ ቀርቶታል። ግማሹን አልፎ ሄዷል፤ በዙሪያው ያለው ኦክስጅን ስለከፈለለት። የማይዝገው ብረትም የሚጠበቀው ቢያንስ 10.5 በመቶ በሚሆነው ክሮሚየሙ ነው፤ ክሮሚየሙ ላዩ ላይ ከኦክስጅን ጋር ጥቂት ናኖሜትር የምትወፍር ሽፋን ይሠራል። በዚያች ሽፋን ውስጥ ክሮሚየም 3ዲ ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች ሦስት ናቸው። ፈተና ላይ ያስከበረችውን አምስት የመጀመሪያው ጓደኛ ሲመጣ ጥሏታል፤ ከባሕር አየር የሚያድነውም ከጣላት በኋላ ነው።

የመዳብ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥብኛል። በጥር 2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ ባቡር በ25,000 ቮልት ይሄዳል፤ በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ከሐዲዱ በላይ ተወጥሮ ኃይሉን የሚያደርሰው ሽቦ ሥሪቱ መዳብ ነው። መዳብ 3ዲው ሙሉ፣ 4ኤሱ አንድ የሆነው ብቻውን ሲቆም ነው። በሽቦው ውስጥ ያ አንድ ኤሌክትሮን የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚሄደው ለዚህ ነው። ውሃ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ያጣ መዳብ 3ዲው ሙሉ አሥር ነው። በመጽሐፉ አነጋገር ከዚህ የሚያስወጣው ነገር መኖር የለበትም። ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን አይቆይም፤ ግማሹ ወደ ብረታ ብረትነቱ ይመለሳል፣ ግማሹ ሁለተኛ ኤሌክትሮን አጥቶ ዘጠኝ ይሆናል። ሙሉውን አፍርሶ ጎዶሎውን መረጠ ልንል እንችላለን፤ መረጠ የሚለውን ግን ከላይ አውግዘነዋል። የሆነው፣ ሁለት ኤሌክትሮን ያጣውን አዮን የከበቡት የውሃ ሞለኪውሎች ከማፍረሻው ዋጋ የሚበልጥ መክፈላቸው ነው። የመዳብ ሰልፌት ሰማያዊነትም፣ በባሕር ዳር የቆየ መዳብ የሚያወጣው አረንጓዴም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ዲው አንድ ስለጎደለው ከብርሃኑ የተወሰነውን ለቅሞ ይውጣል። ከመዳብ ቀጥሎ ያለው ዚንክ ሁለት አጥቶም ዲው ሙሉ ስለሆነ ሰልፌቱ ነጭ ነው። ሙሉ ዲ የሚውጠው ቀለም አያገኝም።

ለመሆኑ የአንድ ነገር እውነተኛ ባሕርይ የቱ ነው፤ ብቻውን ሲቆም ያለው ወይስ በጉርብትና ውስጥ የሚይዘው? ሳይንሱ ልማድ ሆኖበት ባዶ ቦታ ላይ የተለካውን መጀመሪያ ይጽፋል፣ የቀረውን ለውጥ ይለዋል። የእኛ የአብነት ትምህርት ከሌላ በር ነው የገባው። ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት የሚያስተምረውን አክሲማሮስን የተማረ ሰው መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት የማይስማሙ ባሕርያት መሆናቸውን፣ ፍጥረትም የቆመው በመስማማታቸው መሆኑን ያውቃል። ሥጋችን ከአራቱ የተሠራ ሲባል አንዱ ባሕርይ ብቻውን ሥጋ ሆኖ አያውቅም፤ እሳት ውሃን ባይፈራ፣ ውሃ መሬትን ባያርስ ሰው የሚባል ነገር የለም። እንደ ፊዚክስ አራቱ ወድቀዋል፣ ሊያስነሳቸው የሚሞክርም አላዋቂ ነው። ጥያቄው ግን ከነሱ ጋር መውደቅ አልነበረበትም። ሊቃውንቱ የጠየቁት ምን ሙሉ ነው ብለው አልነበረም፤ የማይስማሙትን ምን ያስማማቸዋል ብለው ነበር። የቦርንና የሃበር መዝገብ ለዚህኛው ጥያቄ የተሠራ መልስ ይመስላል።

በሙሉነት ማመን ደግሞ ዋጋ አስከፍሏል። ዜኖን ሼሉ ሙሉ ነውና ከማንም ጋር አይዋሃድም ተብሎ ለአሥርት ዓመታት ተማርንበት፤ ብዙዎች ለመሞከር እንኳ አልተነሱም። ኒል ባርትሌት በ1962 አንድ ነገር አስተዋለ። ፕላቲነም ሄክሳፍሎራይድ ከኦክስጅን ሞለኪውል ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ ለዚያ የሚያስፈልገው 1,175 ኪሎጁል ያህል ነው፤ ለዜኖን ደግሞ 1,170። ቁጥሮቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሙከራው ራሱን ጠራ። ሁለቱን ጋዞች ሲያገናኛቸው ወዲያው ብርቱካናማና ቢጫ የሚመስል ጠጣር ተገኘ። ዜኖን ሙሉነቱ አልከለከለውም፤ እስከዚያ ድረስ የሚከፍልለት አላገኘም ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬ ጉርብትና ሁሉን ይከፍላል ብል ደግሞ ሌላ ታሪክ ልፈጥር ነው። ከጅቡቲ ወደብ ዳርቻ የወደቀች የጨው ጠጠር ባሕሩ ውስጥ ትሟሟለች። ክሪስታሉ ከፍሎ የነበረው 787 ይመለሳል፤ ውሃው አዮኖቹን ሲከብ በምትኩ 783 ያህል ይከፍላል። ሁለቱ ማኅበሮች ለሶዲየምና ለክሎራይድ የሚሰጡት እኩል ለእኩል ነው፤ ቢበልጥ የክሪስታሉ ይበልጣል፣ አራት ኪሎጁል ገደማ። በጉልበት ሒሳብ ብቻ ከሄድን ጨው ከመሟሟት ይልቅ ተደርድሮ መቀመጥ ያዋጣዋል። ይሟሟል ግን። አዮኖቹ በተራ የሚደረደሩበት አኳኋን ጥቂት፣ በባሕሩ ውስጥ የሚበተኑበት አኳኋን ግን ለቁጥር የሚያታክት ነው፤ አራቷን ኪሎጁል የሚበልጣት ይህ ብዛት ነው። እንዲህ ያለውን ብዛት መቁጠርን ሉድቪግ ቦልትስማን በ1877 አስተምሮን ነበር። ያን ጊዜ ኤሌክትሮን ገና ሃያ ዓመት ይቀረዋል፤ ንዑስ ሼል የሚባል ነገር ደግሞ በማንም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም፣ ለቆጠራውም አላስፈለገም።